አንድም የአያቴ፣ አንድም የአባቴ

እኛ ቤት «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበበ ሰው አልነበረም። ሁላችንም የሰማነው ነው።

ዘመኑ ደርግ ነው። አባቴ አንድ ሬዲዮ ነበረው፤ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ፣ እናቴ የሠራችውን ዳንቴል የለበሰ። ድንጋዩ ሲደክም አባቴ አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል። ትንሽ ነፍስ ይዘራል። ያ ሬዲዮ ለዜና ይከፈታል፣ ለትረካ ይከፈታል፣ ከዚያ ውጪ ይዘጋል። ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን መጽሐፍ ሲተርክ ጎረቤቱ እኛ ቤት ይመጣል። መደቡ ላይ፣ በርጩማው ላይ፣ ደጃፉ ላይ ይቀመጣል። ልጆች መሬት ላይ። ማስነጠስ እንኳን ያስገላምጣል።

ወጋየሁ የመድረክ ሰው ነበር። ያንን ሁሉ ገጸ ባሕርይ ብቻውን ነው የተጫወተው። ፊታውራሪ መሸሻ ሲናገሩ ድምፁ ይወፍራል፣ ይጎማለላል። ሰብለ ወንጌል ስትናገር ቤት ውስጥ ያሉ ሴቶች አንገታቸውን ይደፋሉ። ፊታውራሪ አሰጌ ፊታውራሪ መሸሻን ለግጥሚያ የጠሩ ሰሞን እኛ ልጆች ሜዳ ላይ ዱላ ይዘን ስንፋለም ነበር፤ መሸሻን መሆን የሚፈልግ አልነበረም። ዛሬም መጽሐፉን ስገልጥ ዓይኔ ፊደሉ ላይ ነው፣ ጆሮዬ ግን እሱ ጋ ነው። ብዙ የዕድሜ እኩዮቼ እንደዚያው ናቸው። ፊታውራሪ ያስፈራሉ ወይስ ያስቃሉ የሚለውን ለኛ የወሰነልን ያ ድምፅ ነው። ከደራሲው ቀጥሎ የመጀመሪያው ተርጓሚ እሱ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ስለዚያ ክፍል መጻፍ ከፈለግኩ ቆይቻለሁ። አንድ ሬዲዮ፣ አንድ ድምፅ፣ አንድ ታሪክ ነበር። ግን ሲያልቅ ሁሉም የተለያየ ነገር ሰምቶ ነው የሚነሳው።

አያቴ፣ የአባቴ እናት፣ ከጎጃም መጥታ እኛ ጋ ትኖር ነበር። ፊደል አትለይም። ወንድሟ ግን የቅኔ ተማሪ ነበር፤ አኮፋዳ ይዞ ከደብር ደብር የዞረ። ከሱ የቀረባት አንድ ቃል አለ፦ «አንድም»። የሚያውቅ ያውቀዋል። በትርጓሜ ቤት መምህሩ የመጽሐፉን ንባብ ያሰማል። ከዚያ ይፈታዋል። ፈትቶ አይዘጋውም። «አንድም» ብሎ ሌላ ፍቺ ያመጣል። እንደገና «አንድም» ይላል። ሁለተኛው ፍቺ የመጀመሪያውን አያፈርሰውም። አጠገቡ ይቀመጣል። ተማሪውም ሁሉንም በቃሉ ይይዛል። አያቴ ይህን ጉባኤ ቤት ገብታ አልተማረችም፤ ሴት ማን ያስገባታል? ግን አነጋገሩ ደሟ ውስጥ ነበር። ጎረቤት ሲጣላ እንኳን «አንድም እንዲህ ብሎ ይሆናል» ትላለች።

አያቴ ጥጥ እየፈተለች ነው የምትሰማው። እንዝርቷ ሲቆም ነገሩ ከባድ ቦታ እንደደረሰ እናውቃለን። እና እንዝርቷ የሚቆመው ሌላው ሰው በሚያለቅስበት ቦታ አልነበረም። መጀመሪያ የቆመው የበዛብህ እናት ውድነሽ በጣሙ ስትሳል ነው። ልጇ እንዲያድግላት ለቤተ ክርስቲያን ሰጠችው። የስለት ልጅ ሆነ። ዓለም የማይነካው፣ ሚስት የማያገባ።

ለአያቴ ታሪኩ ይኼ ነው። የቀረው ሁሉ ከዚህ የወጣ ነው። በዛብህ ሰብለን ሲወድ ቤቱ ሁሉ ደስ ይለዋል፤ እሷ ታማትባለች። «ስለት አለበት እኮ!» ትላለች። ሰው ይስቃል። ፊታውራሪ ልጃቸውን ለማንም አልሰጥም ሲሉ ሌላው ይራገማል። እሷ ግን ፊታውራሪን ከቁም ነገር አትቆጥራቸውም። መንገድ ላይ የወደቀ እንቅፋት ናቸው። ዕዳው የበዛብህ ነው፤ ያውም ራሱ ያልገባበት ዕዳ። እናት በፍቅር የተበደረችው፣ ልጅ የሚከፍለው።

መጨረሻው ደረሰ። በዛብህ ሞተ፣ ሰብለ መነኮሰች። ቤቱ በለቅሶ ተናጠ። አያቴ እንዝርቷን አስቀመጠች። ትዝ ይለኛል፣ ፊቷ ላይ እንባ አልነበረም። «አየሽ» አለችኝ፣ «ስለቱን እሷ ከፈለችለት።»

ያን ጊዜ አልገባኝም። ዓመታት አልፈው አንድ ቀን ታክሲ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው ድንገት የገባኝ። ቆብ ይጭናል ተብሎ የተሳለለት በዛብህ ነበር። ቆቡን የጫነችው ሰብለ ሆነች። ስለቱ አልቀረም፤ ሰው ቀየረ። ስለዚህ መጽሐፍ የተጻፉ ብዙ ነገሮችን አንብቤያለሁ። ፊደል የማታውቅ አያቴ ከተናገረችው የበለጠ አላገኘሁም።

የአባቴ ደግሞ ሌላ ነው።

አባቴ የብቸና አካባቢ ልጅ ነው። ዲማ ሩቁ አይደለም። ሬዲዮው ዲማ ጊዮርጊስን ሲጠራ እንደ ዘመድ ስም ነው የሚሰማው። ለፍቅሩ ብዙም አልነበረም። በዛብህና ሰብለ ብቻቸውን ሲሆኑ ተነስቶ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ከልጆቹ ጋር መስማት ያፍር ነበር። ገበሬዎቹ ሲመጡ ግን ይመለሳል። አበጀ በለው ሲነሳ፣ ባላገሩ አዲሱን ግብር አንከፍልም ሲል፣ ፊታውራሪ ሲማረኩ፣ አባቴ ጭኑን እየመታ ይስቃል። «ይኼ ሰውዬ ነገሩ ከመሆኑ በፊት ነው የጻፈው!» ይላል።

ነገሩ ምን መሰላችሁ። መጽሐፉ የወጣው በ1958 ዓ.ም. ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በ1960፣ የጎጃም ገበሬ በአዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር የተነሳ አመፀ። መሬታችን ሊለካ ነው፣ ርስታችን ሊሄድ ነው ተባለ። ሞጣና ብቸና ተነሱ። መንግሥት ጦርም አውሮፕላንም ላከ። አባቴ ያን ጊዜ አዲስ አበባ በወዛደርነት ይሠራል፤ ወንድሞቹ ግን እዚያው ነበሩ። ከመርካቶ አውቶቡስ ተራ ከአገር የመጣ ሰው እየፈለገ ወሬ ሲጠይቅ ነው የከረመው። እንግዲህ ይህ ሰው ከዚያ ሁሉ በኋላ ሬዲዮ ከፍቶ የጎጃም ገበሬ በግብር ምክንያት ፊታውራሪ ሲማርክ ይሰማል። ልብ ወለድ ነው ብትሉት አይሰማችሁም። ለሱ ደብዳቤ ነው።

ትንቢት ነው የሚለውን ግን አልቀበለውም። ጎጃም ከ1960 በፊትም በግብር ጉዳይ አምፆ ያውቃል። ሐዲስ ዓለማየሁ የጎጃም ልጅ ናቸው፤ በቤተ ክህነት ትምህርት ያደጉ፣ የባላገሩን ብሶት የሚያውቁ። የሚያውቁትን ጻፉ። ትንቢት ያደረገው በኋላ የመጣው ነገር ነው። በ1966 አብዮቱ ፈነዳ። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ ተብሎ ታወጀ። ከዚያ በኋላ መጽሐፉን የገለጠ ሰው ጉዱ ካሣን በአዲስ ጆሮ ነው የሰማው። ካሣ ወጉና ልማዱ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል፣ ከጊዜ ጋር አይራመድም፣ ስለዚህ ይፈርሳል የሚል ሰው ነው። በ1958 የተቀመጠ ሰው ይህን ሲያነብ የአንድ ነገረኛ ሊቅ ምሬት ሊመስለው ይችላል። በ1967 የተቀመጠ ሰው ግን መስኮቱን ከፍቶ ሲፈርስ ያየዋል። ፊደሉ አንድ ነው፤ አንድም ቃል አልተቀየረም።

እብድ ተብሎ «ጉዱ» የሚል ቅጽል የወጣለት ሰው እንዲህ ነው የመጽሐፉ ጀግና የሆነው። ደራሲው ርዕሱን የሰጡት ለፍቅሩ ነበር። አንባቢው ለካሣ ሰጠው።

ትምህርት ቤት ስደርስ ይኼ ፍቺ ብቸኛው ፍቺ ሆኖ ጠበቀኝ። አስራ አንደኛ ክፍል ነን። መምህሩ ስለ መጽሐፉ ድርሰት ጻፉ አለን። የክፍሉ መጽሐፍ አንድ ነበር፤ በተራ ነው የምንወስደው። ለኔ ሲደርሰኝ የመጨረሻዎቹ ገጾች ተገንጥለው ሄደዋል። ግድ አልሰጠኝም፤ መጨረሻውን ሰምቼዋለሁ። ቁጭ ብዬ ስለ ስለቱ ጻፍኩ። የአያቴን ቃል በራሴ አማርኛ አሳምሬ አስገባሁት። ወረቀቱ ሲመለስ በቀይ «ከርዕስ የወጣ» ተብሎበታል። የሚፈለገው የፊውዳሉ ሥርዓት ብልሹነት ነበር። ስለቱ በመምህሩ አፍ «ጎጂ ልማድ» ነው፤ በአንድ መስመር ይጠቀሳል፣ ይታለፋል።

መምህሩን አልቀየመውም። ያለውም ውሸት አይደለም፤ የፊታውራሪ ቤት በርግጥ የሰው ላብ የሚበላ ቤት ነው። የቆጨኝ ሌላ ነገር ነው። እኛ ቤት አባቴና አያቴ በአንድ ክፍል ተቀምጠው ሁለት ታሪክ ይሰሙ ነበር፤ አንዱ ሌላውን ዝም አላሰኘም። ክፍል ውስጥ ግን አንድ ብቻ ነበር የሚፈቀደው።

በሌላ በኩል፣ መጽሐፉ የፈለግከውን ይበል ማለትም አይደለም። ጉባኤ ቤትም እንደዚያ አይደለም። ንባቡ የማይሸከመውን «አንድም» ያመጣ ተማሪ ይመለሳል። ዛሬ ፌስቡክ ላይ በጉዱ ካሣ ስም የሚዞሩ ጥቅሶች አሉ። አንዳንዶቹን መጽሐፉ ውስጥ ፈልጌ አጥቻቸዋለሁ። የሰሞኑን ንዴት ጽፎ የካሣን ስም ከሥሩ ማስቀመጥ ቀላል ነው። ሁሉም ወገን ካሣ የኔ ነው ይላል። ይኼ ያናድደኛል፣ አልደብቅም። አያቴ ስለቱን አልፈጠረችውም፤ መጽሐፉ ውስጥ ነበር፣ እሷ አየችው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ወንድሜ ዋሽንግተን ነው፤ ማታ ማታ ታክሲ ይነዳል። የወጋየሁ ትረካ ዩቲዩብ ላይ አለ፣ እየነዳ ይሰማዋል። ስንት ጊዜ እንደሰማው እንጃ። አንድ ቀን ደውሎ «ስለ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አለኝ። «ስለ ምን?» አልኩት። «ስለ ማንኩሳ።» በቃ፣ ይኼው ነው። የሰው ስም ሲጠራ አይደለም ሆዱ የሚባባው፤ የአገር ስም ሲጠራ ነው። ማንኩሳ፣ ዲማ፣ ዓባይ። ተማሪ ቤት ፍለጋ ከአገሩ የወጣው በዛብህ፣ ሸሽቶ አዲስ አበባ የገባው በዛብህ፣ ለሱ ስደተኛ ነው። ሊመለስ ሲል መንገድ ላይ የቀረ ስደተኛ። እኔ አዲስ አበባ ተቀምጬ እንደዚህ አስቤው አላውቅም። አሁን ግን ካሰብኩት በኋላ ከአእምሮዬ አልወጣ አለኝ።

የኔ ልጅ ሃያ ዓመቷ ነው። ወደ መጽሐፉ የመጣችው በዘፈን ነው። ቴዲ አፍሮ በ2009 ዓ.ም. «ኢትዮጵያ» በሚለው አልበሙ ውስጥ «ማር እስከ ጧፍ»ን ሲያወጣ ትንሽ ልጅ ነበረች። ዘፈኑን ሸምድዳ «ሰብለ ማናት?» ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። አሁን ዩኒቨርሲቲ ገብታ ራሷ አነበበችው። በሁለት ሳምንት ጨርሳ መጣች። አልቅሳ ትመጣለች ብዬ ነበር። ተቆጥታ ነው የመጣችው።

«እማ፣ ተማሪው እኮ ናት» አለችኝ።

«ማን?»

«ሰብለ ናታ! ሊያስተምራት አይደል እንዴ የገባው? አባቷ ማንበብና መጻፍ እንዲያስተምራት አምነው አስገቡት።»

መልስ አጣሁ። ያን ሁሉ ዓመት ስሰማው፣ ሳነበው፣ አንድ ቀን እንኳን በዚያ በኩል አላየሁትም። ለኛ በዛብህ የደሃ ልጅ ነው፣ እሷ የጌታ ልጅ ናት፣ ስለዚህ ኃይሉ ያለው እሷ ጋ ነው። ልጄ ግን መምህርና ተማሪ ነው ያየችው። መጀመሪያ «ዘመኑ ሌላ ነው» ልላት ነበር። ያ የመምህሬ ቀይ እስክሪብቶ ትዝ አለኝና አፌን ያዝኩ። ከዚያ ተከራከርኩ፤ ሰብለ ስንት ዓመት ባል ተከልክላ የተቀመጠች ሴት ናት፣ ያቺ ልጅ አታላይ አላገኛትም፣ የሚሰማት ሰው ነው ያገኘችው አልኳት። ግማሹን ተቀበለችኝ። ግማሹን አልተቀበለችኝም። አሁንም አልተስማማንም፤ መጽሐፉ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ የሷ እርሳስ ያሰመረበት አለ፣ የኔም አለ።

ሌላም አለች። «ጉዱ ካሣ ይናገራል፣ ይናገራል፣ ምን አደረገ?» ይህኛውን ጥያቄ ወደድኩት። የኔ ትውልድ ካሣ ስለተናገረ ብቻ ያጨበጨበ ትውልድ ነው። በኛ ጊዜ መናገር ራሱ ብዙ ዋጋ ያስከፍል ነበርና። እሷ ያደገችው ሁሉም በሚናገርበት ጊዜ ነው። ስልኳን ስትከፍት ሺህ ካሣ ይናገራል። ንግግር ብቻውን ባያስደንቃት አልፈርድባትም።

ሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፉ ከወጣ በኋላ 38 ዓመት ኖረዋል፤ እስከ 1996 ዓ.ም.። በንጉሡ ጊዜ የተነበበውን፣ በደርግ ጊዜ የተነበበውን፣ ከዚያም በኋላ የተነበበውን አይተዋል። አንድ ሰው የጻፈው ነገር በሦስት መንግሥት ሦስት መልክ ሲይዝ ማየት ምን እንደሚመስል አስባለሁ። እንደ ልጅ ይሆናል መሰለኝ። ወልደህ ታሳድጋለህ፤ ሄዶ ከማን ጋር እንደሚውል አታዝም።

እናቴን እስካሁን ያልጠራኋት ሆን ብዬ ነው። ያን ጊዜ ምን እንደሰማች አላውቅም ነበር። ምስር እየለቀመች ትሰማለች፣ ቡና ታቀርባለች፣ ምንም አትልም። አንድ ነገር ብቻ አስተውያለሁ። ሰብለ የመነኩሴ ልብስ ለብሳ፣ ወንድ መስላ፣ ከአባቷ ቤት ወጥታ በእግሯ መንገድ የጀመረች ዕለት እናቴ ቡና አላፈላችም። ረከቦቱ ተዘርግቶ፣ ከሰሉ ተያይዞ፣ እሷ ዝም ብላ ተቀምጣ። አያቴ እንኳን «ምነው ልጄ?» አለቻት። «ምንም፣ እማማ» አለች።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ለቅሶ ቤት፣ አክስቴ ናት የነገረችኝ። እናቴ በአስራ አራት ዓመቷ ተድራ ነበር። ሰውየው የአባቷ እኩያ ነው። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ሌሊት ወጣች። ሁለት ቀን በእግሯ ሄዳ የጭነት መኪና የሚያልፍበት መንገድ ደረሰች። አዲስ አበባ የገባችው በዚያ ነው። አባቴን ያገኘችው ከስንት ዘመን በኋላ ነው። ይህን ለኔ ነግራኝ አታውቅም፤ እኔም ጠይቄያት አላውቅም።

አሁን ሰማንያ ሊሞላት ነው፤ ዓይኗ ደክሟል። ባለፈው ክረምት ልጄ ልትጠይቃት ሄዳ ስልኳ ላይ ትረካውን ከፈተችላት። ያው የወጋየሁ ድምፅ። እኔ ወጥ ቤት ሽንኩርት እልጣለሁ። ዝናብ አለ፤ የስልኩ ድምፅ በቆርቆሮው ጩኸት መሃል አንዴ ይሰማል፣ አንዴ ይጠፋል። ሰብለ የምትወጣበት ቦታ ደረሰ። እናቴ እጇን አነሳች።

«አንዴ አቁሚልኝ» አለቻት።

ልጄ አቆመች።

«ጫማ አድርጋለች?»

«ማ? ሰብለ?»

«አዎ። ስትወጣ። በባዶ እግሯ ነው ወይስ ጫማ አላት?»

ልጄ ወደኔ አየች። እኔም አላውቅም። ልጄ ቦርሳዋን ከፍታ መጽሐፉን አወጣች፤ ገጽ መገልበጥ ጀመረች። እርሳስ ያሰመረችበትን አለፈችው፣ የኔንም አለፈችው፤ በጣቷ መስመር መስመሩን እየተከተለች ትፈልጋለች። እናቴ እግሯን ከነጠላዋ ሥር ሰብስባ ትጠብቃታለች።